ከጎንደር ተነስተን፣ ሁለት ሕፃናት ይዘን፣ አራት ከተማ፦ ይቻላል ወይስ እብደት ነው?

የማራኪዋ
ግንቦት 2፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም የጎንደር ልጆች። እቁብ ደርሶን ነው። ባለቤቴ «ግቢውን ኮንክሪት እናስደርገው» ሲል እኔ «ልጆቹ ባሕር ይዩ» ብዬ ተከራክሬ አሸነፍኩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልንወጣ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ሐምሌን ነፃ ነኝ። እሱ የ11 ቀን ፈቃድ አለው።

ሴቷ 6 ዓመቷ ነው። ወንዱ ሐምሌ 18 ሁለት ዓመት ይሞላዋል።

ያወጣሁት እቅድ ይሄ ነው፦ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ 2 ቀን፣ ሞምባሳ 2 ቀን፣ ዛንዚባር 2 ቀን፣ ኪጋሊ 2 ቀን፣ ከዚያ ወደ ቤት። ወረቀት ላይ ሳየው ያምራል። ባለቤቴ ግን አነበበውና ዝም አለ። ዝምታውን ስለማውቀው ነው እናንተ ጋ የመጣሁት። ልጅ ይዞ የሄደ ካለ ይንገረኝ።

የአዘዞው
ግንቦት 2፣ ከምሽቱ 3፡22

አራት ከተማ በ11 ቀን? ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ የማራቶን ልምምድ?

ሦስት_ሻንጣ
ግንቦት 2፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ባልሽ ዝም ቢል አልፈርድበትም። እኛ ካቻምና ሦስት ልጅ ይዘን ወጥተን ስለነበር የደረሰብንን ልንገርሽ።

እኔም እንዳንቺ ከተማ ነበር የቆጠርኩት። መቁጠር ያለብኝ ሌሊት ነበር። እስቲ አብረን እንቁጠር። ከጎንደር አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ክረምት ነው፣ ደመና ከያዘ አውሮፕላኑ ይዘገያል። በዚያው ቀን ናይሮቢ እገባለሁ ብለሽ ትኬት ብታያይዢ ቁማር ነው። ስለዚህ ስትሄዱ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ፣ ስትመለሱም አንድ ሌሊት። እኛ ጎንደሮች ሁልጊዜ የምንረሳው ይሄን ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ጉዞው ቦሌ ይጀምራል። ለእኛ ግን ቦሌ ስንደርስ አንዱ ቀን አልቋል።

ከዚያ ደግሞ አገር በቀየርሽ ቁጥር አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። ከናይሮቢ ኪጋሊ በረራው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። ግን ጠዋት ሻንጣ መክተት አለ፣ የጠፋ ካልሲ መፈለግ አለ፣ ታክሲ አለ፣ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለ፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ። ክፍል ስትገቢ ልጁ እንቅልፉ አልፎበት ይነጫነጫል። እኛ በ10 ቀን አራት ጊዜ ተንቀሳቀስን። በአራተኛው ሆቴል መካከለኛዋ ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ «ዛሬስ ቤታችን የት ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሁለት ቦታ ምረጪ። ከሁለት አይለፍ።

ጎርጎራ_ወዳጅ
ግንቦት 3፣ ከጠዋቱ 1፡40

ልጄ፣ ጣና እያለ ባሕር ፍለጋ ሞምባሳ? ጎርጎራ ውሰጃቸው። ገንዘብሽም ይተርፋል።

የማራኪዋ
ግንቦት 3፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጋሼ፣ ጎርጎራንማ ልጆቼ ያውቁታል። እርስዎ ግን እውነት ነው፣ ገንዘቡ ይተርፍ ነበር 😅

ሦስት ሻንጣ፣ የልጅህ ጥያቄ ሆዴን በላው። እሺ፣ ዛንዚባር ይቅር። ታንዛኒያ ስለሆነች ቪዛዋም ለብቻ ነው፣ ኬንያ ግን ለእኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ኪጋሊን ለመተው ግን አልጨከንኩም። ንጹሕ ነው እያሉ ሁሉም ያወራል።

ከኪጋሊ_የመጣሁ
ግንቦት 3፣ ከቀኑ 7፡30

ለሥራ ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ። እውነት ነው፣ ንጹሕ ናት። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ለአፍሪካውያን በሙሉ የ30 ቀን ቪዛ አንስታለች፣ መግባቱ ቀላል ነው። ሐምሌም እዚያ በጋ ነው፣ ዝናብ የለም።

ግን ለማን ነው የምትሄጂው? የ6 ዓመት ልጅ የተጠረገ አስፋልት አይታ አትደሰትም። ትልቁ የዘር ጭፍጨፋ መታሰቢያ ሙዚየም ለልጅ የሚታይ አይደለም። ኪጋሊን አንቺና ባልሽ ብቻችሁን የምትሄዱ ዕለት ሂዱባት።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ለኬንያም ይሠራል። በፌስታል ምንም አትያዢ! ኬንያ ፌስታል በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች፣ ሩዋንዳ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሽሮው በፌስታል፣ በርበሬው በፌስታል፣ ጫማው ሳይቀር በፌስታል ነበር። ኤርፖርት ላይ ሻንጣው ተከፍቶ አንድ በአንድ ሲፈታ እሷ «ልጄ ምን ትብላ ነው የምትሉት?» እያለች ስትከራከር አልረሳውም። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ያዢ።

ትኬት_ቆራጭ
ግንቦት 3፣ ከምሽቱ 1፡50

ሥራዬ ስለሆነ ልግባበት። ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ደርሶ መልስ አትቁረጪ። በናይሮቢ ግቢና በሞምባሳ ውጪ። አንድ ላይ በአንድ ትኬት ይቆረጣል። ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ናይሮቢ መመለስ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ይሄን ስለማይጠይቅ አንድ ቀን በከንቱ ያቃጥላል። የጎንደሩንም በረራ እዚያው ትኬት ውስጥ አስገቢው። ለብቻው ከቆረጥሽና የመጀመሪያው ከዘገየ፣ ሁለተኛው ያመለጠሽ በራስሽ ኪሳራ ነው።

ሁለተኛ፣ የልጁ ልደት። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጭን ላይ ይሄዳል፣ የሚከፈለው በአብዛኛው የአዋቂውን 10 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ከሞላ ግን የራሱ ወንበር ግዴታ ነው። የልጅ ቅናሽ ቢኖረውም ክፍያው ወደ አዋቂው ይጠጋል። ዕድሜው የሚታየው ደግሞ በእያንዳንዱ በረራ ቀን ነው። ሐምሌ 18 በፈረንጆቹ ጁላይ 25 ነው። ሐምሌ 17 ጎንደር ከገባችሁ ሙሉውን መንገድ በጭንሽ ይመለሳል። በ18 ከተመለሳችሁ ግን ለመመለሻው ወንበር ትገዢያለሽ።

የማራኪዋ
ግንቦት 3፣ ከምሽቱ 2፡20

ወይ ጉድ! እኔ እስከ 20 ልቆይ ነበር። እንግዲያው ሐምሌ 6 ወጥተን 17 እንግባ?

ደብረ_ብርሃን_ሰፈር
ግንቦት 3፣ ከምሽቱ 2፡31

ሐምሌ 6???? ሐምሌ 7 ሥላሴ ነው! የጎንደር ሰው ሆነሽ የሥላሴን ንግሥ ጥለሽ?

የማራኪዋ
ግንቦት 3፣ ከምሽቱ 2፡34

በስመ አብ። ማሚቴ ይሄን ብትሰማ ቤት አታስገባኝም። አማቴን ነው የምላችሁ።

እትት_አረጋሽ
ግንቦት 4፣ ከጠዋቱ 3፡00

እንዲያው ለመሆኑ ጾሙን አስባችሁበታል? የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። የስድስት ዓመቷ ልጅ ፍልሰታን ከጓደኞቿ ጋር ማስቀደስ ነው የምትፈልገው፣ የኔ የልጅ ልጆች ከዚያ ቀን ውጪ ማለዳ አይነሱም። ስለዚህ መሄጃው ያው ከሥላሴ በኋላ ነው። ሐምሌ 8 ሂዱ፣ 17 ተመለሱ። 19 ገብርኤልንም ቤታችሁ ሆናችሁ ታከብራላችሁ።

ሦስት_ሻንጣ
ግንቦት 4፣ ከጠዋቱ 4፡12

እትት ጨረሱልን። ከ8 እስከ 17 ዘጠኝ ሌሊት ነው። ሁለቱን አዲስ አበባ ትወስዳለች። ሰባት ቀረ። ሦስት ናይሮቢ፣ አራት ሞምባሳ። ኪጋሊ በራሷ ጊዜ ወጣች።

የማራኪዋ
ግንቦት 4፣ ከቀኑ 6፡40

ለባለቤቴ አሳየሁት። «እምም» አለ። ይሄ ለእሱ ጭብጨባ ነው። በዚሁ ጸና። አሁን ዝርዝሩን ንገሩኝ፦ ባቡሩ፣ ጤናው፣ ወረቀቱ።

ሲስተር_አ
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 2፡00

ጤናውን እኔ።

መጀመሪያ የቢጫ ወባ ክትባት። ከእኛ አገር ለሚነሳ ሰው ኬንያ ካርዱን ትጠይቃለች። ትንሹም ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነ ይመለከተዋል። ክትባቱ ከ9 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ «አዲስ አበባ ስናድር እንከተባለን» እንዳትሉ። በሰኔ ጨርሱት። አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ካርዱን አትጣሉት።

ሁለተኛው ዋናው ነው፤ ወባ። ጎንደር ከተማ ወይና ደጋ ናት፣ ልጆቻችን ወባን አያውቁትም። ደምቢያ ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ ይገባዋል። ናይሮቢ እንደ እኛ ወይና ደጋ ናት። ሞምባሳ ግን ባሕር ዳር ናት፣ ወባ አለ። መከላከያ መድኃኒት በልጁ ኪሎ ተለክቶ ሐኪም የሚያዘው ነው፣ ጎረቤት ያዘዘችውን እንዳትሰጪ። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ። ማታ ማታ እጅጌ ረጅም ልብስ። ተመልሳችሁም ሳምንታት ቆይቶ ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብለሽ አትቀመጪ፣ ሞምባሳ ነበርን ብለሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ደሙ ይታይ።

ለተቅማጥ የሚጠጣውን ኦአርኤስ አራት አምስት ፓኬት ያዢ። አውሮፕላኑ ሲወርድ ትንሹን ጡት ስጪው፣ ከጣለም የሚጠጣ ነገር። መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ትልቋ ከረሜላ ትምጠጥ።

ባቡር_ባቡር
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡25

ባቡሩን እኔ ልንገርሽ፣ ከጉዞው ሁሉ ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚያወሩት እሱን ነው።

በፈረንጆቹ 2017 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የሚነሳው በየጣቢያው እየቆመ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የሚነሳው ፈጣን ነው፣ ግን መንገድ ላይ ይመሽበታል። የጠዋቱን ያዢ። ምክንያቱም ጻቮን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። እዚያ ያሉት ዝሆኖች በአፈሩ ምክንያት ቀይ ናቸው። ልጄ «አባዬ የሸክላ ዝሆን!» ብሎ ሲጮህ ሠረገላው በሙሉ ወደ መስኮቱ ተንጋጋ።

እኔ በሄድኩበት ጊዜ ተራው 1,500፣ አንደኛው ማዕረግ 4,500 የኬንያ ሽልንግ ነበር። ከ3 ዓመት በታች ነፃ፣ እስከ 11 ዓመት ግማሽ። ተራው በቂ ነው። ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል፣ ከቀናት በፊት ቁረጡ።

ናይሮቢ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ድረሱ። ሻንጣውን ሁሉ መሬት ላይ ያስደረድሩና ውሻ ያሸተዋል። የኔ ትንሹ ውሻ ስለሚፈራ አንገቴ ላይ ወጣ። ድፎ ዳቦ ካለሽ ውሻው ይመርቅሻል 😂

የአዘዞው
ግንቦት 4፣ ከምሽቱ 3፡40

ድፎ ዳቦ በምን? በፌስታል?

ያመለጠው
ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 1፡05

በኔ የደረሰው በእናንተ አይድረስ። ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ሁለት ሰው ያንብበው።

ከአዲስ አበባ የነበረን በረራ «ጁላይ 10፣ 00፡45» ይላል። እኔ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ነው ብዬ ለወጥኩት። ትክክል ነው። ግን የጁላይ 10 ሌሊት ነው ብዬ የ10 ማታ ልጆቹን አልብሼ ቦሌ ሄድኩ። ለካ የፈረንጅ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል! የኛ ቀን ደግሞ ጎህ ሲቀድ። በረራው የ9 ማታ፣ እኛ በዘጠነኛው ሕልም ላይ ሳለን ሄዷል። የፈተሸችኝ ልጅ አዝናልኝ ነበር፣ ማዘኗ ግን ትኬት አልሆነኝም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ይሉታል፣ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ከታክሲ ሹፌር ጋር በዚህ ተግባባን። ትኬትና ሆቴል ግን በፈረንጅ ነው።

ሦስት_ሻንጣ
ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 2፡30

ወረቀት ላይ አንድ ልጨምር። የኛ ስም አጠራር ውጭ አገር ያስቸግራል። ባልሽ በአባቱ ስም ይጠራል፣ አንቺ በአባትሽ፣ ልጆቹ በእሱ። ሦስት ዓይነት የቤተሰብ ስም ማለት ነው። ሰልፍ ላይ ልጆቹን ይዛ የቀረበችው ባለቤቴ ነበረች። መኮንኑ ፓስፖርቶቹን እያገላበጠ «የማን ልጆች ናቸው?» አላት። ልጁ ቁርጥ እሷን! በእንግሊዝኛ የተጻፈ የልደት ምስክር ወረቀት ስለነበረን በአንድ ደቂቃ አለፍን። የልጆቹን የልደትና የእናንተን የጋብቻ ወረቀት ያዙ። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ።

ምንዛሪም አለ። ፓስፖርትና ትኬት ይዘሽ ባንክ ሂጂ፣ በመጨረሻው ሳምንት ግን አይሁን። ፓስፖርቶቹም ከስድስት ወር በላይ ቀን ይቅራቸው።

የማራኪዋ
ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 1፡15

እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ናይሮቢ ሦስት ሌሊት ነው ያለን፣ ምን እናሳያቸው? እና የሕፃን ጋሪ ልግዛ?

ከኪጋሊ_የመጣሁ
ግንቦት 5፣ ከምሽቱ 1፡50

ጋሪ አትግዢ። አንቀልባ ይዘሽ ሂጂ። የእግረኛ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ብዙ ነው፣ ጋሪ ተሸክመሽ ልጅ ተሸክመሽ አይሆንም።

ናይሮቢ በሐምሌ ትበርዳለች። ጃኬት ግድ ነው። ሰው «አፍሪካ፣ ሙቀት» ብሎ በቲሸርት ይመጣና ይንቀጠቀጣል። ላንጋታ የሚባለው ሰፈር ቀጭኔ በእጅ የሚመገብበት ግቢ አለ፣ ትልቋ ትወደዋለች። ትንሹ ምላሱን አይቶ ያለቅሳል፣ ተዘጋጂ። እናታቸው የሞተችባቸው የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት ቦታም አለ፣ ጎብኚ የሚገባው በኛ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው፣ ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጊያቸው ብዬ ልል ነበር፣ ግን ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ ይቻላል። በሌላው ቀን ማለዳ ብሔራዊ ፓርኩ። ከተማው ጥግ ነው፣ አንበሳ ከኋላው ፎቅ ይታያል። ሦስተኛ ነገር አትጨምሪ። ከሰዓት ይተኙ።

መኪና በግራ ነው የሚሄደው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፣ የትልቋን እጅ አትልቀቂ። የግድግዳው ሶኬትም ባለ ሦስት ጥርስ ነው፣ የኛ ቻርጀር አይገባም።

እትት_አረጋሽ
ግንቦት 6፣ ከጠዋቱ 2፡20

በሶና ዳቦ ቆሎ አትርሺ የኔ ልጅ። የሰው አገር ምግብ ለመልመድ ልጅ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ናይሮቢ ሐበሻ ሞልቷል፣ እንጀራም አለ አሉ። ሞምባሳ ግን በሶው ይደርስልሻል።

የማራኪዋ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡30

ከሞምባሳ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል።

ሥላሴን አንግሠን ወጣን። በ8 ከጎንደር በረራው ሦስት ሰዓት ዘገየ። ሦስት ሻንጣ፣ አንተን መረቅኩህ። በዚያው ቀን ናይሮቢ ብለን ቢሆን አልቆልን ነበር።

ቀጭኔው ጋ ትንሹ አላለቀሰም። ያለቀሰው ባለቤቴ እጅ ላይ የነበረው ምግብ ሲያልቅ ነው። ባቡር ላይ ቀይ ዝሆን አየን፣ ስድስት ቆጠርን፣ ባለቤቴ ግን ሰባት ነው ይላል።

ትናንት ፎርት ጂሰስን አሳየናቸው። ፖርቱጋሎች በፈረንጆቹ 1590ዎቹ የሠሩት የባሕር ዳር ምሽግ ነው፣ አስጎብኚው በኩራት ያስረዳል። ትልቋ ቀና ብላ ቃኘችውና «የፋሲል ይበልጣል» ብላ ጥላው ሄደች። አስጎብኚው ምን አለች ሲለኝ ወደደችው አልኩት።

ባሕሩን የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት ሞልቶ ነበር ያየነው። በማግስቱ ማለዳ ስንወርድ ውሃው ሸሽቶ ሩቅ ሄዷል፣ አሸዋና ቋጥኝ ብቻ። ስለ ማዕበል መሙላትና መጉደል ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ለራሴ ልጅ ግን ማስታወስ ረሳሁ። ቆማ አየችና «እማዬ፣ ማን ጠጣው?» አለችኝ።

ሦስት_ሻንጣ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡44

😂😂 ወደ ቤት መቼ ነው አለችሽ?

የማራኪዋ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡47

አላለችም። ሦስት ሌሊት አንድ አልጋ ላይ ስለተኛች «ቤታችን» ትለዋለች።

የአዘዞው
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡52

ባልሽስ?

የማራኪዋ
ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 4፡55

ዛሬ ሙሉ ቀን ከልጁ ጋር አሸዋ ሲዝቅ ዋለ። ማታ ላይ አንድ እፍኝ አንስቶ በጣቱ እያሸ «ይሄ ለኮንክሪታችን ነበር» አለኝ።